ቁልፍ ልለምን ሄጄ መርዶ ነጋሪ የሆንኩባት ማለዳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2015፣ ፋሲካ ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ዓርብ ማለዳ እዚሁ እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሰው በር ለማንኳኳት እጄን ባነሣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ምንም ያልበደሉኝን አንዲት እናት በአንዲት ቃል ደረታቸውን አስደቅቻቸዋለሁና።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የውኃና የፍሳሽ ፓምፖች ላይ የሚገጠሙ የራዲዮ ሞደሞችን አስተካክላለሁ። ሞደም ስል ቤታችሁ ውስጥ ኢንተርኔት የሚያመጣውን የላስቲክ ዕቃ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ሞደም ከብረት የተሠራ፣ ፀሐይና ዝናብ የማይበግረው ትንሽ ሣጥን ነው። በአንድ ወገኑ አንቴና አለው። በሌላው ወገኑ ሲሪያል የምንለው የኬብል መሰኪያ አለው። ፓምፑ በኬብሉ በኩል ለሞደሙ ይነግረዋል፣ ሞደሙም በራዲዮ ራቅ ላለው ጓደኛው ያስተላልፋል።

የእኔ ሥራ ቁጥሮቹን ማስማማት ነው። በራዲዮው በኩል ቻናሉንና የድምፁን ኃይል፣ በኬብሉ በኩል የንግግሩን ፍጥነት። አንዲት ቁጥር ከተዛነፈች ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠው አይግባቡም። እኔና የቀድሞዋ ሚስቴም ሰባት ዓመት እንደዚያው ነበርን፤ ልጅም አልወለድንም።

ከተፋታን ጀምሮ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራው ለብቻ የሚሠራ ነው። መኪናዬን አስነሣለሁ፣ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው እወጣለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር አወራለሁ። «ሻሎም» እና «በሰደር»፣ ማለትም ሰላምና እሺ፣ ብቻ ብዬ የዋልኩባቸው ቀኖች ስንት ናቸው! አማርኛማ አፌ ውስጥ ሻግቶ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ዶራ በሚባለው ሰፈር ዝቅ ያለው መንገድ ዳር አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ውስጡ አንድ ተንሳፋፊ ኳስ አለ፤ ፍሳሹ ሲሞላ ኳሱ ከፍ ይልና ፓምፑ ራሱ ይነሣል። በዚያ ሳምንት ኳሱ ተበላሸ። አዲሱ የሚመጣው እሁድ ነው። እስከዚያው የቢሯችን ኮምፒውተር የፍሳሹን ከፍታ በራዲዮ እየጠየቀ፣ ሲሞላ «ተነሣ» ብሎ ፓምፑን በራዲዮ ያዝዘዋል። በቢሮውና በጉድጓዱ መካከል ግን ፎቆች ስላሉ በቀጥታ አይሰማሙም። ስለዚህ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሌላ ሞደም አለ። ከዚህ ሰምቶ ለዚያ ያቀብላል።

ሐሙስ ዕለት ንግግሩ ይቆራረጥ ጀመር። አለቃዬ ኢጎር ዓርብ በማለዳ ገብቼ የጣሪያውን ሞደም ኃይል ከሰባት ወደ አሥር እንዳሳድገው ነገረኝ። ከቢሮ ወንበሬ ሳልነሣ፣ በራዲዮው ራሱ የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቢሮ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ገጹን ከፈትኩ፣ «ኃይል» የሚለው ቦታ ላይ ደረስኩ፣ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ዜሮዋን ልጨምር ስል ስልኬ ጮኸ።

«ጨረስክ?» አለ ኢጎር።

«አሁን!» አልኩና፣ እጄን ምን እንዳቀበጠው እንጃ፣ ማጽደቂያውን ቁልፍ ተጫንኩት።

አሥር መሆን የነበረበት አንድ ሆኖ ሄደ። ኧረ ምን ዓይነት ዕዳ ነው! የጣሪያው ሞደም እንደ ታዘዘው ድምፁን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ አወረደ። እኛ የምንለውን ይሰማል። ይመልሳልም። መልሱ ግን ከጣሪያው ጫፍ አያልፍም። እንደገና ጠራሁት፣ ዝም። ደገምኩት፣ ዝም። ኮምፒውተሩ ደግሞ መጀመሪያ «አለሁ» የሚል መልስ ካልደረሰው አዲስ ቁጥር አይልክም።

ለኢጎር እውነቱን ነገርኩት። ኢጎር ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። «ጉድጓዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞላ አይቆይም» አለኝ። «የፓምፑን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ ወደ ሰሜን ሄዷል፤ በእጅ ማስነሣት አይቻልም። ጣሪያው ላይ ውጣ። ፍሳሹ መንገድ ላይ ከወጣ እሁድ እንዳትመጣ።» ቀደም ብሎም አንድ ጊዜ አስጠንቅቆኝ ነበር። ከዚያ ሥራ ሌላ ደግሞ ምንም የለኝም።

ላፕቶፔንና ኬብሌን ይዤ በረርኩ። ሕንፃው ሥር ስደርስ አሳንሰሩ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የዕድሌ ነገር! ስምንት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። የጣሪያው በር ተቆልፏል፤ አጠገቡ «ቁልፉ እዚህ ፎቅ ላይ፣ በግራ በኩል ካለው ቤት ይገኛል» ይላል። በሩ ላይ ያለውን ስም አነበብኩት። ፊደሉ ዕብራይስጥ ነው፣ ስሙ ግን ያልጋነሽ ነው። ደስ አለኝ፣ የኛ ሰው ናቸው ብዬ።

ያች ደስታ ናት ጉድ ያደረገችኝ። የቤቱ ባለቤት ሩሲያዊ ቢሆን ኖሮ «ቁልፍ!» ብዬ፣ ወርውሮልኝ፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። የኛ ሰው ሲሆን ግን እናቴ ያስተማረችኝ ሥርዓት ሁሉ መጣብኝ። ኮፍያዬን አውልቄ ደረቴ ላይ ያዝኩ። አንገቴን ሰበር አደረግሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ በቀስታ አንኳኳሁ።

በሩ በትንሹ ተከፈተ። ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጭን፣ ሰባውን ያለፉ እናት ናቸው።

«እንደምን አደሩ እማማ?» አልኩ እያለከለክሁ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁና ላረጋጋቸው ፈልጌ ጨመርኩበት፤ «አይደንግጡ።»

እስቲ አስቡት። የማያውቁት ሐበሻ ገና ጎህ ሲቀድ በራቸው ላይ ቆሟል። ኮፍያው በእጁ ነው። ላብ ይሁን እንባ ፊቱ ረጥቧል። ድምፁ ዝግ ብሏል። «አይደንግጡ» ይላል። የኛ ሰው መርዶ የሚያረዳው እንዴት ነው? በማለዳ፣ በዝግታ፣ በ«አይዞሽ» አይደለም ወይ?

«ፈንታሁን ነው!» ብለው ጮኹ። «ወንድም ጋሻዬን! ወይኔ ፈንታሁንን! እኔ ልደፋልህ!» ደረታቸውን ሲደቁ ድምፁ ደረጃው ላይ ተሰማ። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ኧረ እማማ፣ ማንም አልሞተም! እኔ ለአንቴና ነው የመጣሁት!»

«አንቴና ትለኛለህ? አንቴና? ዙሪያውን አትዙርብኝ፣ ንገረኝ! መቼ ነው ያረፈው? ማን ቀበረው?»

ባስተባበልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። እውነታቸውን ነው። መርዶ የሚያረዳ ሰው መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ነው የሚያወራው። «ኧረ ምንም የለም» የሚል ሰው ሲመጣማ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ከፊት ለፊት በር አንዲት ሴት በሌሊት ልብሷ ወጣች፣ በዕብራይስጥ «ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም!» አልኳት። እሷም አላመነችኝም፤ ራሷን ይዛ ተመልሳ ገባች።

በልቤ ጉድጓዱን አስባለሁ። እየሞላ ነው። ቁልፉ ከእሳቸው በስተጀርባ ግድግዳው ላይ በቀይ ክር ተንጠልጥሎ ይታየኛል። ተራምጄ ባነሣው ማን ይከለክለኛል? ግን የሚያለቅስን ሰው ተራምዶ መሄድ አልተማርኩም። አልቻልኩም። አጠገባቸው ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ መርዶ ብቻውን ይዞ የሚመጣ ሰው አይተው ያውቃሉ? ሽማግሌ አብሮኝ አለ?» አልኳቸው። ጥሩ መከራከሪያ መስሎኝ ነበር።

«እዚህ አገር ሰው የት አለና ነው? ሁሉም ሥራ ላይ ነው። አንዱን ልከውት ነው!» አሉ።

አቃተኝ። «እናቴ ትሙት! ለቁልፍ ነው የመጣሁት!» ብዬ ማልኩ።

ልቅሷቸውን ገታ አድርገው አዩኝ። «እናትህ በሕይወት አለች?»

«የለችም። አሥር ዓመቷ።»

«ታዲያ በሞተ ሰው ነው የምትምልልኝ? በቆመ ሰው ማልልኝ!»

አፌን ከፈትኩ። አባቴ በእግር ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን በረሃ ላይ ነው የቀረ፤ ያኔ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። እህት የለኝም። ወንድም የለኝም። ሚስት ሄዳለች። ልጅ የለም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው ፊት ቁጢጥ ብዬ የምምልበት ሰው ፈለግሁ። ኢጎርን እንኳን አሰብኩት። በኢጎር ደግሞ ማን ያምነኛል?

«የምምልበት ሰው የለኝም እማማ» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ። «አንድም?»

«አንድም።»

«ወይ አንተ ልጅ» አሉ፤ ለወንድማቸው ያለቀሱት እንባ እንዳለ ጉንጫቸው ላይ ነበር። ተነሡ፣ ቁልፉን አወረዱ። ግን አልሰጡኝም። «አንቴና ካለ አሳየኝ። ካላየሁ አላምንህም» ብለው ነጠላቸውን ደርበው ተከተሉኝ። ምን እላለሁ? እሺ አልኩ።

ጣሪያው ላይ ነፋስ ነበር። ነጫጮቹ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች ተደርድረዋል፤ በስተምዕራብ ባሕሩ ይታያል። ሣጥኑን ከፍቼ ሞደሙን አሳየኋቸው። ቀዩዋ መብራት ብቻ ትበራለች፤ አረንጓዴዋ፣ ከሌሎቹ ጋር ሲገናኝ የምትበራው፣ ጠፍታለች።

«ይህ ነው?» አሉ። «እኔን የገደለኝ ይህ ብረት ነው?»

«እሱ ነው እማማ።»

«ድርቅ ያድርገው!»

ኬብሌን ሰካሁ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ገጹ ላይ የመጣው ኮከብና አራት ማዕዘን፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት፣ የተበጣጠሰ ነገር ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ የሲሪያሉን ፍጥነት ለውጦት ሄዷል፤ የት እንዳደረገው አልጻፈም። እኔ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ላይ ነኝ፣ እሱ ሌላ ቦታ ነው። እማማ ያልጋነሽ በትከሻዬ ላይ አጎነበሱ።

«ይህ የማን ፊደል ነው?»

«የማንም አይደለም እማማ፤ ስላልተግባባን ነው። እሱ በራሱ ፍጥነት ያወራል፣ እኔ በራሴ።»

«ታዲያ ቀስ ብለህ አናግረዋ!»

እውነትም ከዝቅተኛው ጀመርኩ። አልሆነም። ከፍ አደረግሁት። አልሆነም። ከሁለቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ከምናምን አልፏል። ከጣሪያው ጫፍ ላይ ሆኖ ያ ዝቅ ያለው መንገድ ይታያል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ለማየት ጊዜ የለኝም። «እማማ፣ ዳር ሳይጠጉ እዚያ መንገድ ላይ ውኃ መውጣቱን ይዩልኝ» አልኳቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቆሙ። የእሳቸው ዓይን ከእኔ ይሻላል።

«ደረቅ ነው» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው «አሁንም ደረቅ ነው»። ይህን ሥራ ስሠራ ያን ያህል ዓመት፣ ከጎኔ ሰው ቆሞ አያውቅም። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ እንኳን ደስ ማለቱን አስተዋልኩት።

አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ላይ ፊደሎቹ ግማሽ በግማሽ ቀኑ። ፍጥነቱ እሱ ነው። የቀረው ፓሪቲ የሚሉት የስሕተት መፈተሻ ነበር፤ «የለም» የሚለውን ወደ «ሙሉ» ስቀይረው ገጹ እንደ መስታወት ጠራ። «ኃይል፦ 1» ይላል። ሰደብኩት። አንድ ጻፍኩ፣ ዜሮ ጻፍኩ፣ ሁለቱን ቁጥሮች በጣቴ ነክቼ ቆጠርኳቸው፣ ከዚያ አጸደቅሁ።

አረንጓዴዋ ብልጭ አለች። ጠፋች። ብልጭ አለች። ከዚያ ቆመች።

«በራች!» አሉ እማማ ያልጋነሽ፤ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። ወዲያው ኢጎር ደወለ። ፓምፑ ተነሥቷል፣ ፍሳሹ እየወረደ ነው፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። «ሻባት ሻሎም» ብሎ ዘጋ። ከኢጎር ይህ «ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ነው። እዚያው ጣሪያው ላይ ተቀመጥኩ።

እማማ ያልጋነሽ መብራቷን እያዩ ቆዩ። «እንግዲያ እውነትህን ነው። ስለ ፈንታሁን የምታውቀው የለም» አሉ።

«ምንም አላውቅም እማማ።»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። አላላቸውም። ቤታቸው አስገብተው ለሻባት ከጋገሩት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና ነገሩን አወሩልኝ። ፈንታሁን ታናሽ ወንድማቸው ነው። እሳቸው በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመጡ እሱ ቀረ፤ ዛሬም ጎንደር ሆኖ ወደዚህ የሚመጣበትን ቀን ይጠብቃል። ከእናታቸው ልጆች የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በየፋሲካው ይደውል ነበር። ዘንድሮ አልደወለም። ሰንበት ዕለት ጸሎት ቤት ሲገቡ ደግሞ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። «ሰምተዋል፣ እኔን ደብቀውኛል፣ የሚያረዳኝ ሰው እየፈለጉ ነው» ብለው ደምድመዋል። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። እና እኔ መጣሁ።

«እርስዎ ለምን አልደወሉም?» አልኳቸው።

የዳቦውን ፍርፋሪ በመዳፋቸው ሰበሰቡ። «ሌላ ሰው ቢያነሣውስ?» አሉ።

ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ መስታወት ጀርባ አንዲት ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት አወጡ። «አንተ ደውልልኝ። ክፉ ከሆነ አትንገረኝ። ዝም ብለህ ዝጋውና ‹አንቴናዬን ልይ› ብለህ ውጣ። እኔ ይገባኛል።»

በራሴ ስልክ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። ልዘጋው ስል የአንዲት ወጣት ድምፅ መጣ።

«ፈንታሁንን ፈልጌ ነበር» አልኩ።

«ማን ልበል?»

«ከእስራኤል ነው። አይ... አታውቂኝም። ስለ እህቱ፣ ስለ እማማ ያልጋነሽ ነው።»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ሩጫ ሰማሁ። ከዚያ ከሩቅ የሽማግሌ ሰው ድምፅ፦ «እህቴን! ወይኔ እህቴን! እኔ ልቅደምሽ!»

ወይ ጉዴ! አሁንስ በአንድ ጠዋት፣ በሁለት አገር፣ ሁለት ሰው! እማማ ያልጋነሽ ፊቴን እያዩ ነው። ፊቴ ምን እንደሚመስል እኔ ምን አውቃለሁ? አንድ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሲሄድ አየሁና ያዝኩት፣ በሌላው እጄ ስልኩን ይዤ ጮህኩ። «ኧረ አልሞቱም! አልሞቱም! አጠገቤ ናቸው! ኧረ የሰው ያለህ፣ ስልኩን አንሡት!»

«ማን ነው ያልሞተው?» አሉ እማማ።

«እርስዎ!»

አንድ ሰው ስልኩን አነሣው። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። «ንገረኝ» አለኝ፤ «መቼ ነው ያረፈችው?»

ስልኩን በእማማ ጆሮ ላይ አደረግሁት። «ፈንታሁን?» አሉ፤ በቀስታ፣ ትኩስ ነገር እንደሚነኩ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማልቀስ ጀመሩ። ለቅሶው መካከል ይሰዳደባሉ። እሱ «አንቺ ለምን አትደውይም?» ይላል፤ እሳቸው «አንተ ለምን አትደውልም?» ይላሉ። በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ እሱ በፋሲካ ሰሞን ታሞ ተኝቶ ነበር። ሲነሣ እሳቸውም እንዳልጠየቁት ሰማ። ምን ሆና ነው ብሎ ፈራ፤ ቢደውል ሌላ ሰው እንዳያነሣው ፈራ። ሁለት ወር ሙሉ እዚያም እዚህም ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብለው እየተፈራሩ ከረሙ።

እኔ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። የእነሱ ጊዜ ነው ብዬ። ስልኬ እዚያው ስለሆነ መሄድ አልችልም፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፃቸው በበሩ ይመጣል። የሣቁ ጊዜም ነበር።

እዚያ ተቀምጬ ራሴን ጠየቅሁ። ነገ በማለዳ የእኔን በር ሰው ኮፍያውን አውልቆ ቢያንኳኳ፣ የማንን ስም ጠርቼ ነው ደረቴን የምደቃው? አሰብኩ። ቆየሁ፣ ደግሜ አሰብኩ። ማንንም አላገኘሁም። እማማ ያልጋነሽን በጠዋት አዝኜላቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቀናሁባቸው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። ዳቦው በአፌ እንዳለ አለቀስኩ። ያቺ የፊት ለፊቷ ጎረቤት እንደገና ወጣች፣ ሳለቅስ አየችኝና፣ «የሞተው የአንተ ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። እሷ አዎ ማለቴ መሰላት፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ አመጣችልኝ።

እማማ ስልኬን ሲመልሱልኝ ቁጥሬን በዚያችው ወረቀት ላይ ጽፌ እንድተው አዘዙኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት፣ ሻባት ሳይገባ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«አለህ?» አሉ።

«አለሁ እማማ።»

«በል» ብለው ዘጉ። ይኸው ነው። በየዓርቡ ያችው ናት። አንዳንዴ «በላህ?» ይጨምራሉ። የደረጃው ውጣ ውረድ ቢከብደኝም በየጥቂት ሳምንቱ ብቅ እላለሁ፤ ሞደሙን አያለሁ ብዬ። ሞደሙ እንኳን ምንም አልሆነም።

አንድ ዓርብ ግን አልደወሉም። ፀሐይ ልትገባ ነው፣ ስልኩ ዝም። እጄ ስልኩ ላይ ነው፣ ግን መጫን አልቻልኩም። ሌላ ሰው ቢያነሣውስ? እንዴት ያለ ፍርሃት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደ ምንም ብዬ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ከዚያ አነሡት።

«ገላዬን ስታጠብ ነበር» አሉ፣ ዘና ብለው።

ጮህኩባቸው። እኔ፣ ለትልቅ ሰው ኮፍያ የማወልቀው ሰውዬ፣ ጮህኩ። «ሰው ያስባል አይሉም? ስልኩን ይዘው አይገቡም?» ምኑን ያላልኩት አለ! እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ተቆጣኸኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ይቅርታ እማማ፣ ደንግጬ ነው።»

«ተው፣ ይቅርታ አትበል። የሚቆጣኝ ሰው ካጣሁ ቆይቶ ነበር» አሉና፣ ዘጉት።

ስልኩን ይዤ ክፍሌ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ደስ አለኝ።